የተገለበጠው ሸራ

አዮ ዘይቱና ስለ ገዛ መኪናቸው ቃል ሲሰጡ፣ የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ የሚያየው የወንድማቸውን ልጅ ቃሲምን ነበር። ተናጋሪዋ እሳቸው፣ መኪናዋ የሳቸው፣ ጉዳቱን መጀመሪያ ያዩትም እሳቸው፤ ጸሐፊው ግን እስኪርቢቶውን እንደያዘ «ምን ማለታቸው ነው?» እያለ ቃሲምን ይጠይቃል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ አእምሯቸው ግን አልዞረም፣ አፋቸውም አልተዘጋም።

«ሸራው ተገልብጧል ብለህ ጻፍ» አሉት ለሦስተኛ ጊዜ።

«እሺ እናቴ፣ እሱ ይደርሳል።»

«በምን ይደርሳል? በባጃጅ ነው የሚመጣው?»

ቃሲም ክርናቸውን ነካ አደረገ። «አዮ፣ ተዉት እስቲ፣ ሥራውን ይሥራ።»

ወረቀቱ አለቀ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩላቸውና «እዚህ ላይ» አሏቸው። አሳረፉ። ምን እንደተጻፈ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም የተናገሩት የተጻፈ መስሏቸው ወጡ።

ማክሰኞ ነበር፤ የካቲት 2001፣ መውሊድ ሊገባ ባለበት ሰሞን።

መኪናዋ በከሚሴ አንድ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ቀይ የስፖርት መኪና። ሟቹ ባላቸው ሀጂ አብዱሰላም የአንድ የውጭ አገር መንገድ መሐንዲስ ሾፌርም ባትላሜራም ነበሩ። መሐንዲሱ አገር ጥሎ ሲሄድ ቁልፏን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ሀጂ ሠላሳ ዓመት እንደ ልጅ ያዟት። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆነ፤ መኪናዋ በግቢው ማንጎ ሥር፣ ሀጂ በእጃቸው በሰፉት ሸራ ተሸፍና ቆማለች። አዮ ዘይቱና መንዳት አይችሉም። በየሳምንቱ ሸራውን ገልጠው አቧራዋን ያብሳሉ፣ ትንሽ ያወሯታል፣ መልሰው ያለብሷታል።

ቅዳሜ ጠዋት እህታቸው መሪየም ዘንድ ባቲ ሄደው ሰኞ ማታ ተመለሱ። ማክሰኞ ማለዳ ሸራውን ሲገልጡ ኮፈኑና የግራ ጎኗ በሙሉ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወርዶበታል፤ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ፊት ይመስላል። የሾፌሩ በር ደግሞ ተፈትጎ ቀዩ ሞቷል። ከሁሉ የገረማቸው ሸራው ነው። ላዩ ንጹህ ነው፤ ነጠብጣቡ ያለው በውስጥ በኩል ነው። የስፌቱ ጠርዝም ወደ ሰማይ ዞሯል። ሰባት ዓመት ሙሉ ስፌቱን ወደ ውስጥ አድርገው ሲያለብሱ ኖረዋል።

«ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ ቃሲምን አስጠርተው ወደ ጣቢያው ሄዱ።

*

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤታቸው ረቢአ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠራቻቸው።

«አዮ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? ሙጂብን ትላንት ከጋራዡ አስረው ወሰዱት እኮ! እጁን በካቴና፣ በገበያው መሀል!»

«ሙጂብን? ምን አድርጎ?»

«ኧረ በአንቱ ክስ ነው! መኪናዬን አበላሸ ብለው ፈርመዋል አሉ።»

አዮ ዘይቱና ሻሻቸውን በወጉ ሳያስሩ ወጡ። ባጃጁ ውስጥ ሆነው ነጂውን «አንተ፣ ፍሬን ምን ያደርግልሃል?» እያሉ አጣደፉት።

ሙጂብ የሀጂ ተማሪ ነው፤ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ። ላሜራ ማቃናትም፣ ቀለም መርጨትም ያስተማሩት ሀጂ ናቸው። ሀጂ ሲታመሙ ደሴ ሆስፒታል ያመላለሳቸው፣ ደረጃው ላይ በጀርባው ያዘላቸው እሱ ነው። አምና ደግሞ መጥቶ «አዮ፣ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ፍቀዱልኝና እንደ አዲስ ልቀባት» ሲላቸው፣ በሰው ፊት «ባሌ በእጁ የቀባውን ልትልጥ ነው? ውጣ ከግቢዬ!» ብለው አባረውታል። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ያ ስድብ አሁን ባጃጁ ውስጥ ትዝ አላቸው።

ጣቢያው ላይ ኢንስፔክተር ሙሀመድአሚን የሚባል ቀጭን፣ ጢሙን የከረከመ ሰው ተቀበላቸው። ከወንበሩ ተነሥቶ ለሳቸው ሰጠ።

«አላህ ይስጥህ» አሉ ሲቀመጡ። «ከትላንት ጀምሮ እዚህ ቤት ሰው ያደረግከኝ አንተ ነህ። አሁን ወረቀቴን አንብብልኝ።»

አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝግ አደረገ። «‹በመካከላችን ባለው ቂም ምክንያት ድርጊቱን የፈጸመው ሙጂብ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ› ይላል።»

«እኔ? ወላሂ ስሙን ከአፌ አላወጣሁም!»

«አውራ ጣትዎ ግን አለበት።»

«ስለ ሸራውስ? ተገልብጧል ያልኩትስ?»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «ስለ ሸራው የተጻፈ የለም።»

አዮ ዘይቱና አውራ ጣታቸውን አዩት። ጥፍሩ ሥር ቀለሙ አልለቀቀም ነበር።

«እንግዲህ በኔ ጣት ነው የታሰረው» አሉ ቀስ ብለው። «በኔ ጣት ይፈታል።»

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ አዮ። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በሰፈሩ የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሲያዝ ጥፍሩ አረንጓዴ ነበር። ሰኞ በበርዎ ላይ ታይቷል። አምና ተጣልታችኋል። ሸራውም፣ ትላንት ግቢውን ያዩት ፖሊሶች እንደነገሩኝ፣ ከውስጥ ነው የተነጠበው፤ ያ ማለት ሰው ገልጦ፣ አስቦበት ረጭቷል ማለት ነው።»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አሁን እሱን አስጠራልኝ።»

*

ሙጂብን አመጡት። እሳቸውን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ራሱ አልነበረም።

«መኪናዋ በጣም ተጎዳች?»

ኢንስፔክተሩ ቅንድቡን አነሣ። «ሰኞ በራቸው ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«አዮ ባቲ ከርመው መጡ ሲሉኝ ሰላም ልላቸው ሄድኩ። መውሊድ ሊገባ ነው፤ ተጣልተን መውሊድ እንዳይገባብን ብዬ። አንኳኳሁ፣ ገና አልመጡም ነበር፣ ተመለስኩ።»

«ጥፍርህ ላይ ያለው አረንጓዴስ?»

«አይሱዙ እየቀባሁ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል።» ከዚያ ወደ አዮ ዘይቱና ዞረ። «ነጠብጣቡ ምን ያህላል? ጤፍ ያህላል ወይስ ማሽላ?»

«ማሽላ ያህላል። እንደ ሽምብራ የሆነም አለበት።»

«በጥፍርዎ ሲጫኑትስ?»

«ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ሙጫ ነው።»

ሙጂብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ የኔ መርጫ የሚያወጣው ጭጋግ ነው፤ ከጤፍ ያነሰ። የመኪና ቀለም ደግሞ በሩብ ሰዓት ይደርቃል። እስከ አራት ቀን ውስጡ ሙጫ ሆኖ የሚቆይ የበርና የመስኮት ቀለም ነው፣ የዘይት ቀለም። ያን በኔ ኮምፕሬሰር ብረጨው አፉን ይደፍንብኛል።»

«በሩስ ለምን ተፈተገ?» አሉ አዮ ዘይቱና።

«ምን ምን ይሸታል?»

«ቤንዚን ቤንዚን። ያ የቀለም ማቅጠኛችሁ የሚሸተውን።»

«አኳራጅ ነው። ሰው ቀለሙን ሊያስለቅቅ ሞክሯል፤ አልቻለበትም፣ ከሥር ያለውን ቀይ አብሮ አነሣው።» ትንሽ አሰበ። «ሊያበላሽ የመጣ ሰው ደግሞ ለማጽዳት አይለፋም።»

ኢንስፔክተር ሙሀመድአሚን እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ኮፍያውን አነሣና «አዮ፣ ግቢዎን ያሳዩኝ» አለ።

*

ግቢው ውስጥ ኢንስፔክተሩ ነጠብጣቡን በጥፍሩ ጫነው። እንደተባለው ነው። ረቢአን በአጥሩ ላይ አናገራት።

«ሰኞ ሙጂብን ሲገባ አይተሻል?»

«ሲያንኳኳ ነው ያየሁት። መዝጊያው ተዘግቶ ነበር፣ ሄደ።»

«ቅዳሜና እሑድስ ማን መጣ?»

«እኔ ቅዳሜ ሐርቡ ለቅሶ ሄጄ ነው የዋልኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። እሑድ ሰው አላየሁም።»

«በዚህ ሰሞን በአረንጓዴ የዘይት ቀለም የቀባ ሰው ታውቂያለሽ?»

«መስጊዱ ነዋ! አጥሩን ለመውሊድ እያስቀቡ ነው።»

መስጊዱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። ኢንስፔክተሩ ተስፋ አደረገ፤ አዮ ዘይቱናም ከኋላው በምርኩዛቸው ተከተሉት። ቀቢው ኸይረዲን የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አጥሩን በብሩሽ ያብሳል።

«መርጫ አለህ?»

«መርጫ? ልጄ፣ ይሄን ብሩሽ እንኳ በመከራ ነው የሰጡኝ!»

ቀለሙም ሌላ ነበር፤ የሱ ጠቆር ያለ፣ የመኪናዋ ነጣ ያለ አረንጓዴ። ያ መንገድ እዚያው ተዘጋ። ሲመለሱ ፀሐዩ ወደ አስር ማዘንበል ጀምሯል። ኢንስፔክተሩ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ።

«ቃሲምንም ትላንት ጠይቀነዋል፤ ሰኞ ጨፋ እርሻው ላይ ነው የዋለው፣ ሦስት ሰው መስክሮለታል። እንግዲህ የግቢው ቁልፍ ያለው ሌላ ማን ነው?»

«ሁላችሁ ሰኞ ሰኞ ትላላችሁ» አሉ አዮ ዘይቱና። «ሙጂብ ሰኞ ስለታየ ነው እንጂ፣ ሰኞ ነው ያለ ማነው? እኔ የሄድኩት ቅዳሜ ነው።» ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «ደግሞ ከትላንት ጀምሮ አንድ ነገር እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። አንተ ሰማኝ። ሸራው ተገልብጧል። እስቲ ያዝ፣ አንጣው።»

ሸራውን በወጉ፣ ስፌቱን ወደ መሬት አድርገው ዘረጉት። ነጠብጣቡ ወደ ላይ ሆነ። አዮ ዘይቱና ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳበሱት። ነጠብጣቡ አንዱን ዳር እንጂ መሀሉን አልነካውም፤ መሀሉ ላይ ሸራው ከመኪና ቅርጽ ጋር የማይሄድ ክብ መታጠፊያ ይዟል። አንዱ እጥፋት ውስጥ ጣታቸው ቆም አለ። የማሽላ ገለባ ነው፤ ከአረንጓዴው ቀለም ጋር ተጣብቋል።

ገለባውን ይዘው ቀና አሉ።

በግቢው ማዕዘን ላይ፣ ከመኪናዋ ስምንት እርምጃ ርቆ፣ የቃሲም የማሽላ ክምር ነበር። ከረጢት እስኪገኝ ብሎ ያከማቸው ነው፤ አዲስ ላስቲክ ተደርቦበታል። አዮ ዘይቱና ተነሡ። ላስቲኩን ገፈፉ። ሸራውን እየጎተቱ ወስደው ክምሩ ላይ ጣሉት። ክቡ መታጠፊያ በክምሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የተነጠበው ዳር ወደ አጥሩ ዞረ፤ ከአጥሩና ከክምሩ አልፎ ንፋሱ በሚሄድበት በኩል ደግሞ ቀይዋ መኪና ቆማለች።

«ያን ቀን ሸራው መኪናዬን አልሸፈነም» አሉ። «ማሽላ ሲሸፍን ነው የዋለው። ሰው እዚህ አጥር ሥር የሆነ ነገር ሲረጭ ማሽላውን አዳነ፣ መኪናዬን ረሳ። ሲጨርስ መልሶ አለበሳት፤ ግን ገልብጦ።»

«የማን ማሽላ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ፤ መልሱን እያወቀ።

አዮ ዘይቱና ወንድማቸው ሲሞት ቃሲምን በአራት ዓመቱ ተቀብለው ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ሙጂብም የሰው ልጅ ነው» አሉ። «ማሽላው የቃሲም ነው። ተነሥ፣ ጨፋ እንሂድ።»

*

የፖሊሱ ፒካፕ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በማሽላ አገዳ መሀል ወደ ጨፋ ወረደ። የቃሲም አዲስ ቤት ከቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ከሩቅ የታየው በሩ ነበር፤ ሁለት ተካፋች የቆርቆሮ በር፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ አዲስ። ግድግዳው ላይ በጀርባ የሚታዘል የተባይ መርጫ ተሰቅሏል። ኢንስፔክተሩ አፉን በጣቱ ነካው። ጣቱ አረንጓዴ ሆነ።

ቃሲም ከቤት ወጣ። መጀመሪያ ኢንስፔክተሩን አየ፣ ቀጥሎ አክስቱን። መሸሽ አልሞከረም።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ጠዋት... ከሚሴ።»

«ምን ስትሠራ?»

ቃሲም ወደ በሩ አየ። አዮ ዘይቱና ቀረቡት።

«በሩ ያምራል» አሉ። «ማን ቀባልህ?»

ያን ጊዜ ቃሲም ተሰበረና ሁሉንም ተናገረ። ከሚሴ ያሠራውን በር ግቢያቸው ውስጥ ከአጥሩ ጋር አስደግፎ ቀባው። በብሩሽ ቀን እንዳይፈጅበት ቀለሙን በናፍጣ አቅጥኖ ተባይ መርጫው ውስጥ ጨመረ። ላስቲኩን ንፋስ ቀዶበት ስለነበር፣ ማሽላው እንዳይመረዝ ብሎ ሸራውን ከመኪናዋ አነሣ። መኪናዋ ሩቅ መሰለችው። ሲጨርስ ዞሮ አያት።

«ልቤ ቀጥ አለ፣ አዮ። አኳራጅ ገዝቼ በጨርቅ ፈተግኩት። የባሰ ተበላሸ። አለበስኳትና በሩን በጋሪ ጭኜ ጠፋሁ። ጸሐፊው ጠጋ ብሎ፣ እርስዎ ሳይሰሙ፣ ማንን ትጠረጥራላችሁ ሲል... የሙጂብ ስም ከአፌ አመለጠ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን ሰው አሳሰርክ?»

«ምላስዎን ፈራሁ!» አለ ቃሲም፤ እንባው ወረደ። «ሙጂብን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አምና ያሉትን ሰምቻለሁ። እኔንም እንደዚያ የሚሉኝ መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ዘለፋ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካከሉና የቃሲምን ክንድ ያዙ።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። «ከነገ በፊት ተናገርክ። አሁን መኪናው ላይ ውጣ፤ ለጸሐፊው ራስህ ትነግረዋለህ።»

*

ሙጂብ ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተፈታ። አዮ ዘይቱና የጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አምና ያባረርኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ዛሬ ቀባልኝ ብዬ የምለምንህም እኔው ነኝ። ታስረህ እንኳ መጀመሪያ የጠየቅከው መኪናዬን ነው። ይሄን አልረሳልህም።»

«ቀዩን ከየት አገኛለሁ?» አለ ሙጂብ፤ ሥራውን ጀምሯል።

ቀዩን ያገኘው የኋላ ሻንጣ መክደኛዋ ዳር ባለው ጎማ ሥር ነው፤ ፀሐይ ያላየው፣ ልክ ሀጂ የቀቡት ዕለት እንደነበረው። ትንሽ ልጦ ናሙና ይዞ ደሴ ሄዶ፣ ቀለም ሦስት ጊዜ አስበጥብጦ፣ ሦስተኛውን ይዞ መጣ። በቃሲም ላይ ክስ እንደማይፈልግ ለኢንስፔክተሩ ሲናገር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «የመሰከረብኝ በአፉ ነው፤ እጁን ደግሞ ለኔ ይስጠኝ።»

ቃሲም ወደ ጋራዡ የተጎተተችውን መኪና ዘጠኝ ቀን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ጣቶቹ ተላጡ። ሙጂብ በመዳፉ እየዳበሰ «ገና ነው» ይለዋል፤ ቃሲም እንደገና ያጎነብሳል። በስድስተኛው ቀን አዮ ዘይቱና ቅባት ይዘው መጥተው የቃሲምን ጣቶች አንድ በአንድ ቀቡለት።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ፣ ንፋሱ ሳይነሣ፣ ሙጂብ አቧራ እንዳይበን የጋራዡን መሬት በውኃ አራሰ፤ ዙሪያውን ርጥብ ጆንያ ሰቀለ። ከዚያ መርጫውን አነሣ። ቀዩ እንደ ጭጋግ ወረደ፤ እውነትም ከጤፍ ያነሰ። አዮ ዘይቱና በጆንያው ቀዳዳ ያዩ ነበር። በሩ ሲቀላ፣ ኮፈኑ ሲቀላ፣ ሀጂ ሥራ ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ የሚያሰሙትን ሳል የሰሙ መሰላቸው። «ያ ረቢ፣ ተመስገን» እያሉ አለቀሱ፤ ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት የገበያ ቀን ነበር፤ ሙጂብ ሞተሯንም አድሶ አስነሥቷታል። ኢንስፔክተር ሙሀመድአሚን መኪናዋን ሊያይ ጋራዡ መጣ። ዞሯት። በሩ ላይ ፊቱን አየ።

«ማሻአላህ፣ አዮ! እንግዲህ ነገሩ አለቀ።»

«የት አለቀ?» አሉ አዮ ዘይቱና። «ጋራዡን አታይም? ባዶ ነው። አይሱዙውን እንኳ ባለቤቱ ወስዶታል። ገበያው የሚለውን ልንገርህ? ‹ሙጂብ በሽምግልና ነው የተፈታው፣ አሮጊቷ ይቅር ብላው ነው› ይላል። እኔ ያላጠፋውን ሰው ምኑን ይቅር እለዋለሁ?»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ? በወረቀቱ ላይ ነፃ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።»

«እኔ ወረቀት አላነብም፤ ገበያውም አያነብም።» ጣሪያዋን አጥፈው የሾፌሩን በር ለሙጂብ ከፈቱለት፤ ሙጂብ ግራ ተጋብቶ ገባ። ከዚያ ዞረው ሌላውን በር ከፈቱ።

«አንተ የሰማኸኝ ሰው ነህ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ። አሁንም ስማኝ። ኮፍያህን አድርግ። ሙጂብ አጠገብ ተቀመጥ። ከመናኸሪያው ጀምራችሁ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጡት፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ይንዳ። ሰላም ያለህን ሁሉ ‹ይሄ ሙጂብ ነው፣ አላጠፋም፣ ያጠፋነው እኛ ነን› በለው፤ ጮክ ብለህ። ምን ታየኛለህ? ግባ!»